ፒር የሆነው ንጉሥ፦ መንግሥት ከቃል ይልቅ ሥዕልን ለምን ፈራ?

ፈረንሳይ ሴፕቴምበር 9 ቀን 1835 ያወጣችው የኅትመት ሕግ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀኖች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ጽሑፍንና ሥዕልን በሁለት የተለያዩ ሚዛኖች መዘናቸው። ጸሐፊ ያሰበውን ጽፎ ያሳትማል፤ ጥፋት ከተገኘበት የሚጠየቀው ከታተመ በኋላ ነው። ሠዓሊ ግን ሥዕሉን ከማተሙ፣ ከመሸጡ ወይም በሱቅ መስኮት ከመስቀሉ በፊት፣ ፓሪስ ከሆነ ከአገር ግዛት ሚኒስትሩ፣ ከፓሪስ ውጭ ከሆነ ደግሞ ከአውራጃው ገዥ አስቀድሞ ፈቃድ ማግኘት ነበረበት። መንግሥትን የሚተች ረጅም መጣጥፍ ሳንሱር ሳይነካው ማተሚያ ቤት ሲገባ፣ የአንድ ፍሬ ሥዕል ግን የባለሥልጣን ፊርማ ይጠብቅ ነበር ማለት ነው።

ይህ ሕግ ሲረቀቅ መንግሥት አንድ ችግር ገጥሞት ነበር። ገና በ1830 የጸደቀው ሕገ መንግሥት ፈረንሳውያን ሐሳባቸውን የማሳተም መብት እንዳላቸው፣ ሳንሱርም ከእንግዲህ ፈጽሞ እንደማይመለስ በግልጽ ይደነግጋል። የፍትሕ ሚኒስትሩ ፔርሲል፣ ቀደም ሲል በፓሪስ ዋና ዐቃቤ ሕግ ሆኖ ጋዜጦችን ሲከስ የቆየ ሰው፣ ለዚህ ችግር ያገኘው መፍትሔ ሥዕልን ከሐሳብ መለየት ነበር። እንደ እርሱ ክርክር ሕገ መንግሥቱ የሚጠብቀው ሐሳብን ነው፤ ሥዕል ግን ለተሰበሰበ ሰው ዓይን ስለሚናገር ሐሳብን ከመግለጽ አልፎ ድርጊት ይሆናል፤ ድርጊት ደግሞ በዚያ አንቀጽ ጥላ ሥር አያርፍም። ክርክሩ የቀረበው ሥዕልን ለማፈን መሆኑ አያጠያይቅም። ሆኖም የፖለቲካ ካርቱን ምን ያህል ኃይል እንዳለው ከመሰከሩት ሁሉ ይህን ያህል ግልጽ ቃል የሰጠ ወዳጅም ሆነ ጠላት እኔ አላውቅም። አንድ መንግሥት በከሰልና በቅባት እርሳስ የተሳለ መስመር እንደ ድርጊት የሚቆጠር መሆኑን በሕግ ማብራሪያ ላይ አስፍሯልና። እዚህ ውሳኔ ላይ እንዴት እንደ ደረሰ መከታተል የካርቱን ተቃውሞ በውስጡ እንዴት እንደሚሠራ ለመረዳት ጥሩ መንገድ ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከአምስት ዓመት በፊት ነው። በጁላይ 1830 ንጉሥ ሻርል አሥረኛ ምክር ቤቱን በትኖ የጋዜጦችን ነጻነት የሚያግድ ድንጋጌ ሲያወጣ፣ የፓሪስ ሕዝብ ጎዳናዎቹን ዘግቶ ሦስት ቀን ተዋጋ፤ ንጉሡም ዙፋኑን ለቆ ተሰደደ። በምትኩ የኦርሌያኑ መስፍን ሉዊ ፊሊፕ ነገሠ። አዲሱ ንጉሥ «የፈረንሳይ ንጉሥ» የሚለውን የቀድሞ ማዕረግ ትቶ «የፈረንሳውያን ንጉሥ» ተባለ፤ ጃንጥላ ይዞ በእግሩ ሲሄድ፣ እንደ አንድ ባለጠጋ ነጋዴ ለብሶ ሲታይ «የዜጎች ንጉሥ» የሚል ስም አተረፈ። በወረቀት ላይ ግን የመምረጥ መብት በዓመት 200 ፍራንክ ቀጥተኛ ግብር ለሚከፍሉ ጥቂት ሰዎች የተወሰነ ነበር። በመንገድ ላይ ተዋግቶ ወንድሙን የቀበረው የእጅ ሙያተኛ ድምፅ አልነበረውም። የተከተለው የሥዕል ጦርነት ሁሉ ምንጩ ይህ ክፍተት ነው፦ ተስፋ ሰጪውን የንጉሡን መልክ አንድ ሰው በየሳምንቱ እየገፈፈ ከሥሩ ያለውን ማሳየት ጀመረ።

ያ ሰው ሻርል ፊሊፖን ይባላል፤ የሊዮን ከተማ ተወላጅ፣ ራሱም የሚስል፣ ከሁሉ በላይ ግን ሠዓሊዎችን አሰባስቦ የሚያሠራ አሳታሚ ነበር። ኖቬምበር 4 ቀን 1830 «ላ ካሪካቱር» የተባለውን ሳምንታዊ ጋዜጣ አወጣ፤ ዲሴምበር 1 ቀን 1832 ደግሞ በየቀኑ አዲስ ሥዕል ይዞ የሚወጣውን «ለ ሻሪቫሪ» ጨመረ። ሻሪቫሪ ማለት የመንደር ሰዎች ሥነ ምግባሩን የጠሉትን ጎረቤት ከቤቱ ደጃፍ ተሰብስበው ድስትና መጥበሻ እየደበደቡ የሚያሳፍሩበት የቆየ ልማድ ነው። የጋዜጣው ስም ከዚህ መወሰዱ በአጋጣሚ አይመስለኝም፤ ዓላማው ያንኑ ጩኸት ከቤተ መንግሥቱ ደጅ ማድረስ ነበርና።

ይህ ሁሉ ሊሆን የቻለው በጊዜው አዲስ በነበረ የኅትመት ጥበብ ነው። ከዚያ በፊት አንድን ሥዕል ለማባዛት ልዩ ሙያ ያለው ቀራጭ በመዳብ ሰሌዳ ላይ መስመር በመስመር መፈልፈል ነበረበት፤ ሥራው ጊዜ ይፈጃል፣ ዋጋውም ይከብዳል። በ18ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ በሙኒክ አሎይስ ሴኔፌልደር የፈጠረው ሊቶግራፊ ግን ቅባትና ውኃ የማይዋሃዱ ከመሆናቸው በቀር ሌላ ምሥጢር የለውም። ሠዓሊው በተስተካከለ የኖራ ድንጋይ ላይ በቅባታማ እርሳስ ይስላል፤ ድንጋዩ ሲረጥብ ባዶው ቦታ ውኃውን ይይዛል፣ የተሳለበት ቦታ ደግሞ ውኃውን ይገፋል፤ ከዚያ ቅባት ያለው የኅትመት ቀለም በድንጋዩ ላይ ሲዳመጥ የሚጣበቀው በተሳለበት ቦታ ብቻ ነው። ወረቀት ተደርቦ ሲጫን ሥዕሉ ይወጣል። ሠዓሊው በራሱ እጅ ስለሚስል በመካከል ቀራጭ የለም፤ ሰኞ በምክር ቤት የተነገረ ንግግር በዚያው ሳምንት ውስጥ ሥዕል ሆኖ ሊታይ ይችላል። ተቃውሞ ከክስተቱ ጋር እኩል መራመድ የቻለው ከዚህ በኋላ ነው።

የ«ላ ካሪካቱር» የዓመት ክፍያ 52 ፍራንክ ስለነበረ ደንበኞቹ ገንዘብ ያላቸው ሰዎች ነበሩ። ሥዕሎቹ ግን በቬሮ ዶዳ መተላለፊያ በነበረው የኦበር ሱቅ መስኮት ላይ ይሰቀሉ ነበር። ኦበር የፊሊፖን አማች ነው። በዚያ መስኮት ፊት የሚቆመው ሕዝብ ሳንቲም አይከፍልም፤ ማንበብ ባይችልም አይጎድልበትም፤ ደግሞም ብቻውን አይስቅም። ጋዜጣ በቤት፣ በዝምታ፣ አንድ በአንድ ይነበባል። በመስኮት የተሰቀለ ሥዕል ግን የማይተዋወቁ ሰዎችን ትከሻ ለትከሻ አቁሞ፣ አንዱ ሲስቅ ሌላው የልቡን እንዲያውቅ ያደርጋል። ፔርሲል «ለተሰበሰበ ሰው ዓይን ይናገራል» ሲል ያሰበው ይህንኑ መስኮት ነበር ብዬ አምናለሁ።

የመጀመሪያዎቹ ክሶች ብዙም አልዘገዩም። በ1831 የወጣ አንድ ሥዕል የጁላይን ተስፋዎች በአየር ላይ እንደሚበተኑ የሳሙና አረፋዎች አሳየ። በዚያው ዓመት በጁን ወር የወጣው ደግሞ ንጉሡን ግንበኛ አድርጎ፣ በግድግዳ ላይ የቀረውን የአብዮቱን ምልክት በኖራ ሲለስን ሳለው። ፊሊፖን በዚህ ሁለተኛ ሥዕል ተከሶ ኖቬምበር 14 ቀን 1831 ፍርድ ቤት ቀረበ። መከራከሪያው አጭር ነበር፦ በሥዕሉ ላይ የንጉሡ ስም፣ ማዕረግ ወይም የንግሥና ምልክት የለም፤ የተሳለው ሥልጣን እንጂ ሰውዬው አይደለም፤ መልክ መመሳሰል ብቻ ወንጀል ከሆነ ደግሞ ወሰኑ የት ላይ ነው? ይህንን በቃል ብቻ አልተወውም። በዳኞቹ ፊት አራት ሥዕሎችን አሳየ። የመጀመሪያው የሉዊ ፊሊፕ መልክ ነው፤ ጉንጩ ሰፊ፣ ግንባሩ ጠበብ ያለ፣ ጸጉሩ ወደ ላይ የተጠቀለለ። ሁለተኛው ያንኑ መልክ ትንሽ አለዘበው። ሦስተኛው ይበልጥ ቀለል አደረገው። አራተኛው ላይ የቀረው ፒር የሚባለው ፍሬ ብቻ ነው፤ ከላይ ጠቦ ከታች የሚሰፋ፣ ቅርጹን ላላየው ሰው ከትንሽ ቅል ጋር ሊመሳሰል የሚችል። የመጀመሪያውን ብትቀጡ፣ ሁለተኛው እርሱን ይመስላልና ልትቀጡት ነው፤ ሦስተኛውም ሁለተኛውን ይመስላል፤ በመጨረሻ ፒርን ሁሉ ልትቀጡ ነው ማለት ነው።

ዳኞቹ አልተረቱም፤ የስድስት ወር እስራትና የ2,000 ፍራንክ መቀጮ ፈረዱበት። አራቱ ሥዕሎች ግን በዚያው ወር 24ኛ ቀን ታትመው ወጡ። ከዚያ በኋላ ነገሩ ከፊሊፖን እጅ ወጣ። ፒር በፓሪስ ግድግዳዎች ላይ በኖራና በከሰል መታየት ጀመረ፤ መሳል የማይችል ሕፃን እንኳ በሁለት መስመር ይሠራው ነበር። በ1834 «ለ ሻሪቫሪ» በራሱ ላይ የተፈረደበትን ውሳኔ እንዲያትም ሲገደድ፣ የፍርዱን ቃል አንዲት ፊደል ሳይለውጥ አተመ፤ የመስመሮቹን ርዝመት ብቻ አስተካክሎ ገጹ ላይ የፒር ቅርጽ እንዲይዙ አደረገ።

ለአማርኛ አንባቢ የፒሩን አሠራር ለማስረዳት ሰምና ወርቅን የሚያህል መሣሪያ የለም። ሰሙ ፍሬ ነው፤ ወርቁ ንጉሡ። ባለቅኔው ሲከሰስ በሰሙ እንደሚያመልጥ፣ ሠዓሊውም «እኔ የሳልሁት ፍሬ ነው» ይላል፤ ወርቁን ያወቀ ከሳሽ ደግሞ ንጉሡ ፍሬውን እንደሚመስል በራሱ አንደበት መመስከር ይኖርበታል። በቅኔና በዚህ ሥዕል መካከል ግን አንድ ትልቅ ልዩነት አለ። ቅኔ ወርቁን የሚሰጠው ቋንቋውን ጠንቅቆ ለሚያውቅ ነው፤ ኅብረ ቃሉን ያላገኘ ሰው ሰሙን ብቻ ይዞ ይሄዳል። ፒር ግን አንድ ጊዜ ወርቁ ከተነገረ በኋላ ገበያ ውስጥ ተቆልሎ የሚሸጠውን ፍሬ ሁሉ መልእክት አድርጎታል። በዚህ ላይ ቃሉ በፈረንሳይኛ የመንገድ አነጋገር፣ እኛ ሰውን «ቅል ራስ» ብለን እንደምንናቅ፣ በቀላሉ የሚታለል ሞኝን ያመለክታል።

የሥዕል ተቃውሞን ሥር ነቀል የሚያደርገው ይህ ይመስለኛል። ስድብ ብቻውን ሥር አይነቅልም፤ ብዙ ገዥዎች መሰደብን ችለው ኖረዋል፣ በእኛም አገር «እረኛ ምን አለ?» ብሎ መጠየቅ የሕዝብን ስሜት የመለኪያ መንገድ ነበር። ንጉሥ ግን የሚገዛው በመልኩ ጭምር ነው። ገንዘብ ላይ የተቀረጸው፣ በየመሥሪያ ቤቱ የተሰቀለው፣ በሐውልት የቆመው መልክ ሰውዬው በሌለበት ስለ እርሱ ይገዛል። የፊሊፖን ሥዕል ያንን መልክ ከባለቤቱ ነጠቀ፤ ከዚያ በኋላ ሳንቲሙን የሚያየው ሰው ንጉሥን ሳይሆን ፒርን ያያል፣ ይህንንም በፖሊስ ማስለቀቅ አይቻልም።

ሁለተኛው እርምጃ ከመልክ ወደ አሠራር መግባት ነበር፤ ይህን ያደረገው ኦኖሬ ዶሚዬ ነው። በ1808 በማርሴይ የተወለደ የመስተዋት ሠሪ ልጅ ነው። በዲሴምበር 1831 «ጋርጋንቱዋ» በሚል ርእስ የሳለው ሥዕል ንጉሡን በልብ ወለድ ከሚታወቀው ሆዳም ግዙፍ ጋር አመሳሰለው። ባለ ፒር ራሱ ግዙፍ በዙፋን ተቀምጧል፤ ከመሬት እስከ አፉ ረጅም ሳንቃ ተዘርግቷል፤ ከታች በቀኝ በኩል የተራቆቱ ድኾች፣ ሕፃን እያጠባች የተቀመጠች እናት ጭምር፣ ያላቸውን ሳንቲም በቅርጫት ያኖራሉ፤ ትንንሽ ተሸካሚዎች ቅርጫቱን በሳንቃው ላይ እየወጡ ወደ አፉ ይገለብጡታል። ከዙፋኑ በታች፣ የሆድ ዕቃው በሚወጣበት፣ የሹመት ወረቀቶችና ሜዳዮች ይወድቃሉ፤ ደህና የለበሱ ሰዎች ተሻምተው ይለቅሙታል።

ሥዕሉ የወጣው ለንጉሡ ቤት በየዓመቱ ከመንግሥት ካዝና ስለሚመደበው ገንዘብ ክርክር በሚደረግበት ሰሞን ነው። መጀመሪያ የተጠየቀው 18 ሚሊዮን ፍራንክ ነበር፤ በ1832 የጸደቀው 12 ሚሊዮን ሆነ። አንድ ኢኮኖሚስት ግብር ከማን እንደሚሰበሰብና ወደ ማን እንደሚመለስ ለማስረዳት ብዙ ገጽ ይፈልጋል። ዶሚዬ ግን የገንዘቡን ጉዞ ከቅርጫቱ እስከ ሜዳዩ በአንድ ሰውነት ውስጥ አሳለፈው፤ ያየው ሰው ሹመት ከምን እንደሚሠራ ዳግመኛ አይረሳም። ፖሊስ ሥዕሉን ከኦበር መስኮት አነሣው፤ በፌብሩዋሪ 1832 ዶሚዬ ስድስት ወር እስራትና 500 ፍራንክ ተፈረደበት። ቅጣቱ ለጊዜው አልተፈጸመም ነበር፤ መሳሉን ባለማቆሙ ግን ኦገስት 31 ቀን ተይዞ ሴንት ፔላዢ እስር ቤት ገባ። ዕድሜው 24 ነበር።

ክስና መቀጮ ጋዜጣን የሚገድሉት ቀስ ብለው ነው፤ ፊሊፖንም ይህን አውቆ በኦገስት 1832 ወርኃዊ ማኅበር አቋቋመ። አባላቱ በወር አንድ ፍራንክ ይከፍላሉ፤ ለእያንዳንዱ ወር አንድ ትልቅ ሥዕል ይደርሳቸዋል፤ ገንዘቡ መቀጮ ይሸፍናል። ከዚያ ማኅበር ከወጡት 24 ሥዕሎች መካከል የዶሚዬ ታላቁ ሥራ ይገኛል፤ ስለ እርሱ ዘርዘር አድርጎ መናገር ያስፈልጋል።

በኤፕሪል 1834 የሊዮን የሐር ሸማኔዎች ተነሡ፤ አመፁ ወደ ፓሪስም ተዛመተ። በዚያው ወር አጋማሽ፣ በትራንስኖናን ጎዳና አንድ መኮንን በጥይት ከተመታ በኋላ፣ የ35ኛው እግረኛ ሬጅመንት ወታደሮች ጥይቱ የተተኮሰው ከቁጥር 12 ነው ብለው ወደዚያ ቤት ገቡ፤ ከነዋሪዎቹ 12 ሰዎችን ገደሉ። ዶሚዬ የሳለው ከግድያው በኋላ ያለውን ዝምታ ነው። አንድ ሰው በሌሊት ልብሱ ከአልጋው ተንሸራቶ በጀርባው ወድቋል፤ ከሥሩ አንድ ሕፃን ተጨፍልቋል፣ የሚታየው ራሱና እጆቹ ናቸው። በቀኝ በኩል የአንድ ሽማግሌ ፊት፣ በግራ ጥላ ውስጥ የአንዲት ሴት አስከሬን አለ። ወንበር ተገልብጧል። ወታደር የለም፣ ጠመንጃ የለም፣ ንጉሥም ፒርም የለም። ርእሱ የጎዳናው ስምና ቀኑ ብቻ ነው።

ፊሊፖን ይህ ሥዕል ካሪካቱር (እያጋነነ የሚያፌዝ ሥዕል) እንዳልሆነ ጽፏል፤ ልክ ነበር። እስከዚያ ድረስ የተሠራው ሁሉ ግን ለዚህ ሥዕል ዓይን አዘጋጅቷል። በየሳምንቱ በመስኮቱ ፊት እየሳቀ መንግሥትን ማንበብ የተማረ ሕዝብ፣ የሚያስቅ ነገር በሌለበት ገጽ ፊት ሲቆም፣ ማን እንደገደለ ማንም ሊነግረው አያስፈልገውም። የሟቾቹ አልጋ፣ ኮፍያና ትራስ የተመልካቹ የራሱ አልጋ፣ ኮፍያና ትራስ ናቸው። ባለሥልጣናቱ ያገኙትን ቅጂ ሁሉ ሰበሰቡ። ጎዳናው ራሱ ዛሬ በዚያ ስም አይጠራም፤ በቦቡር ጎዳና ውስጥ ተጠቃሏል።

ጁላይ 28 ቀን 1835 ፊዬስኪ የተባለ ሰው 25 የጠመንጃ አፈሙዞችን አንድ ላይ አስሮ ንጉሡ በሚያልፍበት ጎዳና ላይ ተኮሰ። ንጉሡ ተረፈ፤ ማርሻል ሞርቲዬን ጨምሮ ብዙ ሰዎች ሞቱ። ፊዬስኪ ከካርቱን ጋር የሚያገናኘው ነገር አልነበረም። መንግሥት ግን ንጉሡን በሥዕል ማዋረድ ንጉሡን ለመግደል መንገድ ይጠርጋል ብሎ ተከራከረ፤ የሴፕቴምበሩ ሕግ ከዚህ ወጣ። ለዕለታዊ ጋዜጣ የሚያዘው የዋስትና ገንዘብ በፓሪስ ወደ 100,000 ፍራንክ ከፍ አለ። «ላ ካሪካቱር» ሕጉ ሳይጸድቅ ኦገስት 27 ቀን የመጨረሻውን እትም አወጣ።

«ለ ሻሪቫሪ» ግን ኖረ፤ ንጉሡን መንካት ስለ ተከለከለ ኅብረተሰቡን ይስል ጀመር። ዶሚዬና ፊሊፖን ከ1836 ጀምሮ ሮቤር ማኬር የተባለውን አጭበርባሪ ገጸ ባሕርይ አንድ ጊዜ ባለባንክ፣ አንድ ጊዜ ጠበቃ፣ አንድ ጊዜ ሐኪም አድርገው አቀረቡት፤ የከፋው ነገር የአንድ ሰው ሳይሆን የዘመኑ አሠራር መሆኑን በዚህ መንገድ መናገር ተቻለ። ይሁን እንጂ ያው እጅ በ1844 የሚጽፉ ሴቶች ላይ አፌዘ፤ ልጃቸውንና ወጣቸውን ትተው ብዕር የያዙ አድርጎ ሳላቸው። ዶሚዬን የሚያደንቅ ሰው ይህን መዝለል የለበትም። መስመሩ ያው፣ ችሎታው ያው ነው፤ ነገር ግን እነዚያ ሴቶች ዙፋንም ሠራዊትም አልነበራቸውም፣ ሥዕሎቹም ማንም አስቀድሞ የሚያስበውን ከመድገም አላለፉም። ወደ ላይ የሚወረወር ድንጋይና ወደ ታች የሚወረወር ድንጋይ ክብደታቸው አንድ ቢሆን እንኳ የሚሰብሩት ነገር አንድ አይደለም።

ፌብሩዋሪ 24 ቀን 1848 ሉዊ ፊሊፕ በሌላ አብዮት ዙፋኑን ለቀቀ። በማርች መጀመሪያ «ለ ሻሪቫሪ» ላይ የወጣው የዶሚዬ ሥዕል፣ ሕዝቡ በወረረው ቤተ መንግሥት ውስጥ አንድ የጎዳና ልጅ በንጉሡ ዙፋን ላይ ተቀምጦ ድሎቱ ውስጥ ሲሰምጥ ያሳያል፤ በግድግዳ ላይ ፒር ሲስሉ ከነበሩት ልጆች አንዱ ሊሆን በሚችል ዕድሜ ላይ ያለ ልጅ ነው። የሴፕቴምበሩ ሕግ በዚያው ሰሞን ተሻረ፤ በ1852 የሉዊ ናፖሊዮን መንግሥት ቅድመ ፈቃድን እንደገና መለሰው። ዶሚዬ ፌብሩዋሪ 10 ቀን 1879 ሲሞት ቅድመ ፈቃዱ ገና በሥራ ላይ ነበር። ፈረንሳይ ውስጥ ሥዕልን ከመታተሙ በፊት የመመርመር ሥልጣን እንደገና የተነሣው ጁላይ 29 ቀን 1881 በወጣው የፕሬስ ሕግ ነው፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ቃልና ሥዕል በአንድ ሚዛን ላይ ቆሙ።